ድንኳን ላልተተከለላቸው ልጆቻችን፦ ከእድራችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የእድራችን አባላት፣ ከሰፈራችን ወጥታችሁ በየአገሩ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፤

ባለፈው ወር አረጋውያኖቻችንን ይዘን መስቀል አደባባይ ዳር ወደሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄደን ነበር። በ2002 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ በደጁ ስናልፍ ኖረናል፤ ገብተን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን። ከጅምላ መቃብር የወጣው አፅም አብሮት ከተገኘው ልብስ ጋር በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ከሁሉ የከበደን ግን ግድግዳውን የሞላው ፎቶግራፍ ነው። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው።

አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የመጡት። ከአንድ ፎቶግራፍ ፊት ቆሙና «ለዚህ ልጅ እኮ ለቅሶ አልተቀመጥኩም» አሉ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኛም አብረናቸው ተቀመጥን።

ሙዚየሙ ያለበት አደባባይ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ እየከሰከሰ በጠላቶቹ ላይ የዛተው በዚሁ ስፍራ ነው። ደርግ በከተማ የትጥቅ ትግል የጀመረውን የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) አጠፋለሁ ብሎ ቤት ለቤት አሰሰ፤ ቀበሌውን እስር ቤት አደረገው፤ ሬሳ በየመንገዱ ጣለ። ማልቀስ ተከለከለ። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆችም ነበሩ።

ከሙዚየሙ ስንመለስ የእድራችንን የ1969 እና የ1970 መዝገብ አወጣን። በዕድሜና በሕመም ላረፉት ለሣጥን የወጣው ገንዘብ ሳይቀር ተጽፏል። ለተገደሉት ልጆች አንድ መስመር እንኳ የለም። ድንኳን አልተከልንም፤ ንፍሮ አልቀቀልንም፤ ሣጥን አልተሸከምንም። እድር የቆመው ለዚህ ሆኖ ሳለ ይህ ዕዳ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

ስለዚህ የቤተሰቦቹን ቃል በድምፅና በምስል ልንቀርጽ፣ በየቤቱ ያለውን ፎቶግራፍና ደብዳቤ ልንገለብጥ ወስነናል። አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ አንዱ በእድራችን ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፤ ሌላውን ደግሞ ቤተሰቡ ከፈቀደ ለሙዚየሙ እናቀርባለን። የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል፤ ያ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በየጓዳው የቀረው ኀዘን ግን የተጻፈበት ቦታ የለም። ያኔ አርባ ዓመት የነበራቸው እናት ዛሬ ዘጠና ሊሞላቸው ነው።

በስብሰባችን ላይ አንድ ጥያቄ ብዙ አከራከረን። በኢሕአፓ ታጣቂዎች ጥይት የወደቁ የሰፈራችን ልጆች ይካተቱ ወይስ አይካተቱ? እኔ ይካተቱ ካሉት ወገን ነበርኩ፤ ኮሚቴውም በመጨረሻ ተስማማ። የእነርሱም እናቶች ከእኛ ጋር በአንድ እድር ኖረዋል።

የምንሰበስበው ገንዘብ ለካሜራ፣ ለድምፅ መቅረጫና ለስካነር መግዣ፣ ቃሉን ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጡ ወጣቶች አበል፣ አረጋውያኑን ለማመላለስም ይውላል። እያንዳንዱ አባል ቢያንስ የአንድ ወር መዋጮ ያህል እንዲጨምር እንለምናለን። ገንዘብ ያዣችን ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ ሒሳቡም በጠቅላላ ጉባኤው በኦዲተሮቻችን ይቀርባል። ገንዘብ የሌለው መኪናውን ለአንድ ቅዳሜ ቢያውሰን፣ አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ የሚችል ጊዜውን ቢሰጠን እኩል ድጋፍ ነው።

ፎቶግራፍ ያላችሁ ከአልበሙ አታውጡት፤ ሊቀደድ ይችላል። ስካነሩን ይዘን እቤታችሁ እንመጣለን።