ባሕር ዳር ያልኳት የኛን ባሕር ዳር አልነበረም

የሺዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ልግባ፣ ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ለእማ ዓይን ብዬ የላኩት ብር ለጓሮዋ ክፍል ልስንና ቀለም ዋለ ስትዪኝ መጀመሪያ ተናድጄብሽ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ። ሞራው ይገፈፍላት ብዬ እኮ ነው ቅዳሜና እሁድ ጨምሬ የሠራሁት። ምክንያቱን ስትነግሪኝ ግን ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ባሱም አለፈኝ። ልጄ ጡረታ ልትወጣ ነው፣ ባሕር ዳር ቤት ልትገዛ ነው፣ እስክትገዛ የት ታርፋለች ብላ ነው ያሳደሰችው አልሽኝ። ለማርያም ማኅበርተኞቿም ነግራለች።

የሺዬ እኔ ያልኳት ሌላ ነው። የውቅያኖስ ዳር ማለቴ ነበር። እዚሁ አሜሪካ ደላዌር የሚባል ስቴት አለ፣ እዚያ ባሕሩ አጠገብ ቤት እያየን ነው ነው ያልኳት። ስልኩ ይቆራረጣል፣ እኔ ሥራ ልገባ እየቸኮልኩ፣ እሷ ደግሞ ከተወለደች የምታውቀው ባሕር ዳር አንድ ነው፣ ሌላ ከየት ታምጣ? ጥፋቱ የኔ ነው። ዝርዝር ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ።

አንቺም እትብትሽ የተቀበረበት ባሕር ዳር እያለ ለጨው ውሃ ዳር ቤት ትገዣለሽ ወይ አልሽኝ። ውስጤ ነው የቀረው። በስልክ ስጀምረው ስለሚያስለቅሰኝ በጽሑፍ ልመልስልሽ።

እኔ 63 ሞላኝ። እዚህ በፈረንጅ ከ1960 ወዲህ የተወለድን ሰዎች ሙሉ ጡረታ የምናገኘው በ67 ነው። በ62 እጀምራለሁ ካልሽ 30 በመቶ ይቀነስብሻል፣ ያውም ለዕድሜ ልክ። ስለዚህ ጥቂት ዓመት እችላለሁ ብዬ እየገፋሁ ነው። ያለንበት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተክርስቲያኑም እንጀራውም ወዳጅ ዘመዱም አጠገባችን ነው ግን ኑሮው ለሚሠራ ሰው እንጂ ለጡረተኛ አይሆንም፣ የሜሪላንድ የገቢ ግብር አለ፣ በላዩ ላይ የካውንቲው አለ፣ ዕቃ ስትገዢ 6 በመቶ አለ፣ የኮንዶው ወርሃዊ ክፍያ ብቻ 640 ዶላር ደርሷል፣ ይሄ እንግዲህ የቤቱ ዕዳ ሳይቆጠር ነው።

መጀመሪያ ፍሎሪዳ ነበር ያሰብነው። ስቴቱ የገቢ ግብር የለውም፣ ብርድም የለም፣ ሰው ሁሉ ሂዱ ሂዱ አለን። ባለቤቴ አስራት ፎርት ማየርስ አካባቢ ርካሽ ቤት አየሁ ብሎ ሲያሳየኝ ቆይቶ በ2022 ኢያን የሚሉት አውሎ ነፋስ ያንን አገር እንዳልነበር አደረገው፣ በቲቪ እያየን ዝም ተባባልን። የቤት ኢንሹራንሱም ከግብር የሚተርፈውን መልሶ ይበላዋል፣ ጎርፍ ደግሞ በመደበኛው ኢንሹራንስ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው። ተውነው።

ደላዌር የሚሻለው ለዚህ ነው። ከኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ በዓል ሲሆን ለቅዳሴ መጥተን እንመለሳለን። ዕቃ ላይ ግብር የለም፣ የተጻፈውን ዋጋ ከፍለሽ ትወጫለሽ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚሉት የመንግሥት ጡረታ አይነካም፣ ከሌላ ጡረታ ደግሞ 60 ዓመት ካለፈሽ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ ግብር አይጠየቅበትም። የቤት ግብሩም ከኛ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ሰሴክስ የሚባለው ካውንቲ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በፈረንጅ በ1974 ግምት ነበር የሚያስከፍለው፣ በ2025 ነው አዲስ ግምት የገባው። ባሕሩ ላይ ያለው ቤት አቅማችን አይደለም፣ ሚልተን የምትባል ትንሽ ከተማ ገባ ብላ አለች፣ ከውሃው 20 ደቂቃ በመኪና።

አንድ ቤት ዋጋው ግማሽ ሆኖ አገኘንና አስራት በጣም ደስ አለው። ለካ መሬቱ የሌላ ሰው ነው፣ ቤቱ ያንቺ ሆኖ ለቆመበት መሬት በየወሩ ኪራይ ትከፍያለሽ፣ ባለመሬቱ ኪራዩን ሲጨምርም ቤትሽን ተሸክመሽ አትሄጂም። አይሆንም አልኩት። አባባ በርስቱ ድንበር ስንት ዓመት ፍርድ ቤት እንደተመላለሰ እያወቅሁ በስተርጅና የሰው መሬት ላይ ጭሰኛ አልሆንም አልኩት። ተኮራርፈን ሁለት ቀን ዋልን፣ ከዚያ ተወው።

ግንቦት ላይ ሉዊስ ወደምትባል የደላዌር ወደብ ወርደን ነበር፣ መኪና ሳይቀር የሚጭን ትልቅ መርከብ ባሕሩን በሰዓት ተኩል ገደማ አቋርጦ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኬፕ ሜይ የሚያደርስበት ነው። ዳሩ ላይ እንደ ድስት ክዳን ቅርፊት ያላቸው ሸርጣን የሚመስሉ ነገሮች እንቁላል ሊጥሉ ወጥተው ሞልተውታል፣ አንዱ በጀርባው ተገልብጦ እግሩን ሲያወራጭ አስራት አጎንብሶ በሁለት እጁ አቃናውና ወደ ውሃው ሄደለት። እኔ እጄን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው። ጣና የጭቃና የደንገል ሽታ አለው አይደል፣ ጠዋት ታንኳዎቹ ዓሣ ይዘው ሲጠጉ? ያ ሽታ የለም። አገሩ ያምራል፣ ሰላም ነው፣ ግን እዚያ ቆሜ የፈለግሁት እሱን ነበር። ይሄን ለአስራት አልነገርኩትም።

አሁን ደግሞ ለናንተ ያልነገርኳችሁን ልንገርሽ፣ ለእማ እንዳትነግሪ። አስራት ስኳሩ ኩላሊቱን ነክቶበታል። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ነው። እሱ 66 ስለሆነ ሜዲኬር የሚሉት የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ይከፍልለታል፣ ግን ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ጡረታው አገር ቤት ብንሄድም ይከተለናል፣ ሕክምናው ነው የማይከተለን። መንገዱ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ምን ላድርገው? አገሬን የጠላሁ አድርገሽ አትይብኝ፣ እባክሽ። ዝም ያልኩባችሁ እነዚያ ሁለት ወራትም በዚህ ነው፣ ብር ስላጣሁ አይደለም፣ ድምፄን ሰምታችሁ ታውቁብኛላችሁ ብዬ ነው። አሁን ለምዶታል፣ ይበላል፣ ይጫወታል፣ አትጨነቂ።

ስለ እማ ግን ዓይኗን ነገ ዛሬ አትበሉ። ደግሜ 400 ዶላር ልኬያለሁ፣ ቁጥሩን በቴሌግራም አድርጌልሻለሁ፣ ይሄን በእጇ አትስጫት፣ አንቺው ይዘሻት ሂጂና ሐኪሙ ፊት ክፈዪ። ደረጃው ላይ ስታ ወደቀች ያልሽኝን እያሰብኩ ነው የምውለው። የግፊት መድኃኒቷን ጠዋት ጠዋት ቆመሽ አስውጫት፣ ጦም ነው እያለች እንዳትዘል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጭስ ቤት አትግባ፣ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። ትቆጣሻለች፣ ታገሻት፣ እኔ ሩቅ ሆኜ ሳዝሽ እንደሚከብድሽም አውቃለሁ።

የቤቱን ነገር አንቺ አትንገሪያት። ለጥምቀት የሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ለአስራት የሚያመላልሰው ሰው ካገኘሁ እመጣለሁ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔው እነግራታለሁ። እዚያችው ክፍል ነው የማድረው፣ ሆቴል ምናምን እንዳትዪኝ።

ደግሞ ቀለሙን ምን እንዳስቀባችው አልነገርሽኝም። በዚያ ዓይኗ እንዴት መረጠችው? ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እህትሽ