ዮናስን ዓሣው ተፍቶት ሲወጣ አንተወው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እየሰለቻቸው ነው የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ አነበብኩ። መፍትሔ የተባለው ቪዲዮ፣ ጨዋታና ሥዕል ማብዛት ነው። ቪዲዮ አልጠላም። ግን በሽታው ሌላ ይመስለኛል። ታሪኩን ቆርጠን ነው የምናስተምረው፣ ያውም ጥሩው ቦታ ላይ ሳንደርስ።

ዮናስን እንይ። ብዙዎቻችን እንዲህ እንተርከዋለን፦ ሂድ ተባለ፣ ሸሸ፣ ዓሣ ዋጠው፣ ጸለየ፣ ተፋው፣ ሄደ። በሉ ልጆች፣ እናንተም ታዘዙ። አለቀ። እስቲ መጽሐፉን ክፈቱትና ቁጠሩ። ትንቢተ ዮናስ አራት ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ነው። ዓሣው በስሙ የሚጠራው በሦስት ቁጥር ብቻ ነው። እኛ ግን ከሥዕሉ እስከ መዝሙሩ ድረስ ሁሉን ነገር ዓሣ በዓሣ አደረግነው!

ዋናው ጉድ ያለው አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ነነዌ ንስሐ ገባች፣ እግዚአብሔርም ማራት። ነቢዩ ደስ ይለዋል ስትሉ ይናደዳል። ቀድሞውንም የሸሸሁት መሐሪ መሆንህን ስለማውቅ ነው ብሎ ለእግዚአብሔር እቅጩን ይነግረዋል። እንግዲህ ይህ ሰውዬ የሸሸው ሥራው ከብዶት ወይም ፈርቶ ነው ብለን ልጆቹን ስናስተምር መጽሐፉ ራሱ የሰጠውን ምክንያት ትተን የራሳችንን እየተካን ነው ማለት ነው። ነነዌ የአሦር ከተማ ናት። ዮናስ ደግሞ በ2ኛ ነገሥት 14 እንደምናነበው በኢዮርብዓም ዘመን የነበረ የእስራኤል ነቢይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 የእስራኤልን ዋና ከተማ ሰማርያን የጣለው መንግሥት የአሦር ነው። ይህን የሚያውቅ አንባቢ የዮናስ ንዴት ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ልጅም ይገባዋል። የሚጠላው ልጅ ይቅርታ ሲደረግለት ያየ ልጅ ሁሉ ይገባዋል።

ከዚያ ቅሉ ይበቅላል፣ ትሉ ይመታዋል፣ ፀሐዩ ይከርራል፣ ዮናስም ሞቴን አምጡልኝ ይላል። እግዚአብሔር ለአንዲት ቅል ካዘንክ እኔስ ከመቶ ሀያ ሺህ በላይ ሰውና ብዙ እንስሳ ላለባት ከተማ አላዝንም ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። መጽሐፉ እዚያው ላይ ያበቃል። መልስ የለም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ይህን አንብቤ ዮናስ ምን ብሎ የመለሰ ይመስላችኋል ስላቸው አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «እንስሶቹን ለምን ጨመራቸው?» አለችኝ። የቀረው ሰዓት በሙሉ በዚህ ጥያቄ አለቀ። የተዘጋጀሁበትን ጨዋታ ማንም አላስታወሰውም። (ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ታሪክም እንዲሁ ነው። ሲያበቃ ታላቅ ወንድሙ ገና ደጅ ነው፣ ይግባ አይግባ አይነገረንም። እኛ ግን ድግሱ ላይ እናቆማለን።)

ዳዊትና ጎልያድ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የአንተ ጎልያድ ምንድን ነው፣ ፈተና ነው፣ አለቃህ ነው የሚለውን ስብከት ስንቴ ሰማን? ታሪኩን ከ1ኛ ሳሙኤል 17 ብቻ ከጀመርን ሌላ ማየት አንችልም። ወደ ኋላ መለስ በሉ። ምዕራፍ 8 ላይ ሕዝቡ ንጉሥ የለመነው ፊት ፊት እየሄደ እንዲዋጋለት ነው። ምዕራፍ 9 ላይ የተገኘው ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በራስ የሚበልጥ ረጅም ሰው ነው። አሁን ግዙፉ ሰውዬ ወጥቶ ሲሳደብ ማን መውጣት ነበረበት? ረጅሙ ንጉሥ ፈርቶ ተቀምጧል፣ የጦር ልብሱንም ለእረኛው ልጅ ሊያለብሰው ይሞክራል። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ ንገሩት፣ ማንም ሳይነግረው ሳኦልን ይታዘበዋል።

ሁሉም ነገር ለሁሉም ዕድሜ ይነገር እያልኩ አይደለም። ዘፍጥረት 38ን፣ የይሁዳንና የትዕማርን ታሪክ፣ ለሕፃናት አልተርክም። አስተማሪው ግን ማንበብ አለበት። ዮሴፍን እንሽጠው ያለው ይሁዳ፣ ምዕራፍ 44 ላይ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ሲለምን ምን ያህል እንደተለወጠ የሚታየው መሐል ያለውን ላነበበ ነው። ያላነበበ አስተማሪ ዮሴፍን ብቻ ያወራና ያልፋል።

ማሳመር ላይም አንድ ነገር ልበል። ዘፍጥረት ፍሬው ፖም ነው አይልም፣ ማቴዎስም ሰብአ ሰገል ሦስት ናቸው አይልም። ታሪክ ሲተረክ ምናብ ያስፈልጋል፣ ያለሱ ደረቅ ይሆናል። ብቻ «ይህን መጽሐፉ አይልም፣ እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል» ማለት ይልመድብን። ልጆች ልዩነቱን ቶሎ ይይዙታል፣ እንዲያውም ቆይተው አስተማሪውን ራሱን «ይሄ የት ተጽፏል?» ብለው ያፋጥጡታል። እሰየው ነው።

ሰዓት የለንም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ግማሽ ሰዓት አትበቃም። ታዲያ ዮናስን በአንድ ቀን ጨርሱት ያለን ማን ነው? አራት ምዕራፍ ነው፣ አራት ሳምንት ይሁን። ከማስተማራችሁ በፊት ምዕራፉን ድምፅ አውጥታችሁ ደጋግማችሁ አንብቡት። ማን ምን አለ፣ ምን ይደጋገማል፣ የት ላይ ነገሩ ተገለበጠ ብላችሁ ጠይቁ። ዮናስ ወደ ኢዮጴ ይወርዳል፣ መርከቡ ውስጥ ገብቶ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል፣ በመጨረሻም ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ይህ በአንድ ንባብ አይታይም።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። የልጆች ገጽ ላይ ይህን ታሪክ የምታወጡ ከሆነ አራተኛውን ምዕራፍ አትቁረጡት። ቦታ ካጠራችሁ የዓሣውን ሥዕል አሳንሱት።

አንድ የልጆች ክፍል አስተማሪ