ተርበሽ አታምሺ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? ምሳ እየዘለልሽ፣ ራትሽ ችፕስና ኮላ መሆኑን እህትሽ ነገረችኝ። አትቆጪያት፤ አጥብቄ ጠይቄያት ነው።

ሆዳም ሆነሽ አይደለም። ስብና ስኳር ከአንጀት ወደ አንጎል በየራሳቸው መንገድ መልእክት ይልካሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ የሚለቀቀው ዶፓሚን፣ ያ አንጎል ውስጥ «ድገሚ» የሚያሰኘው ንጥረ ነገር፣ ይበረታል፤ እንዲህ ተደባልቀው የሚገኙበት ተፈጥሯዊ ምግብ ደግሞ ከወተት ሌላ እምብዛም ነው። ልስልስ ምግብ ቶሎ ይዋጣል፤ የጥጋቡ ስሜት እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ሳህኑ ግን ቀድሞ ያልቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኬቪን ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስተኝቶ፣ ሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር። በፋብሪካው ምግብ ግን በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ።

እንቅልፍ ሲጎድልሽ አምሮቱ ይብሳል። ባዶ ሆድ ሲጨመርበት ማንም አይችለውም። ተርበሽ አታምሺ!

ለስላሳውንስ ምን ልበልሽ? በአንዱ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የአጎትሽን እግር ታውቂያለሽ። ያ ሁሉ ጥም የስኳር በሽታው ምልክት ነበር፤ እሱ ግን ጥሙን በለስላሳ ይቆርጥ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ነርቩ ተጎድቶ፣ ሚስማር ሲወጋው እንኳ አልተሰማውም። በጊዜው አንድ ሰው «ተመርመር» ብሎት ቢሆን! ዛሬም ያንገበግበኛል።

የኔ ዓለም፣ እንዲህ አድርጊ። ማታ አንድ ሲኒ ሽምብራ በሦስት ሲኒ ውሃ ንከሪ። ጠዋት ውሃውን ደፍተሽ በአዲስ ውሃ ቀቅይው፤ ጨው ሲበስል ይግባ። ጋዙን መዝጋትሽን አትርሺ! ግማሹን ንፍሮ ለምሳ፣ ግማሹን አሥር ሰዓት ላይ ብዪው፤ ፋይበሩና ፕሮቲኑ ይዞ ያቆይሻል። ረቡዕና ዓርብም ጾም ነው ብለሽ በዳቦና በችፕስ አትዋዪ፤ ሽሮም ምስርም የጾም ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሽሮው አልጫ አልጫ ይልሻል። ምላስሽ ጨውና ጣፋጭ ስለለመደ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል።

ከሥራ ስትወጪ በችፕስ ቤቱ በኩል አትለፊ፤ ሽታው ብቻውን አምሮቱን ይቀሰቅሰዋል። ተርበሽ አታምሺ ብያለሁ።

በሶ በቅዳሜው አውቶቡስ ልኬልሻለሁ። በስኳር አትበጥብጪው፤ በውሃ፣ በትንሽ ዘይትና በበርበሬ ጭብጦ አድርጊው። ሲደርስሽ ደውዪልኝ።

እናትሽ