ስለ 1909ኙ «ሩባያት» ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በ1909 እ.ኤ.አ. የታተመውንና ሠዓሊው ኤድመንድ ዱላክ ሥዕሎቹን የሠራለትን የግጥም መጽሐፍ «ሩባያት»፣ ሥዕል በሥዕል ነጥለን በፍሬም እንደምንሸጥ ባለፈው ወር ነግረናችሁ ነበር። አሥራ አራታችሁ ቀብድ ከፈላችሁ። ከዚያ አንሸጥም አልን። ቀብድ ተቀብሎ ቃል ማጠፍ ነውር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ።

ምክንያቱን ሳልናገር ባልፍ ግን ያንገበግበኛል። በተለይ ከእናንተ አንዱ «ቀብድ በልቶ ዋጋ ሊሰቅል ነው» ብሎ ከጻፈልኝ በኋላ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ የድሮ መጻሕፍት ሥራ ስቆይ የማንንም ቀብድ በልቼ አላውቅም።

መጽሐፉ እጃችን ሲገባ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ሽፋኑ ብራና ነው። ብራና ደግሞ እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቅበት ይጎብጣል። የፊቱ ሽፋን ተቆልምሞ ከጀርባው ሊላቀቅ ደርሷል። «በቃ፣ ሥዕሎቹን እንኳ እናትርፍ» አልኩና በዚያው ቀን አስታወቅኋችሁ። ችኮላዬን አልክድም።

ሥዕሎቹን ላነሳ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ነው ነገሩ የተለወጠው። የተጎዳው ሽፋኑ ብቻ ነው። ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር አልተበጠሰም። ሃያዎቹም ሥዕሎች አሉ። ያኔ ባለቀለም ሥዕል ለብቻው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ ነበር ገጹ ላይ በእጅ የሚለጠፈው። ማጣበቂያው የሚይዘው ጠርዙን ብቻ ነው። ስለዚህ ለመንቀል አይከብድም፤ ስስ ቢላ አስገብቶ ሳብ ነው። የአንዱን ጥግ ብድግ አድርጌ ነበር። ወዲያው ምን እንደታየኝ እንጃ፣ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመለስኩ። የዱላክ ፊርማ አለ፣ ከሥሩ የቅጂው ቁጥር። በፊርማው የወጡት 750 ብቻ ናቸው። ቢላውን አስቀመጥኩ።

«ዛሬ ነው ወይ የተቆረቆርከው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ኪራይ ደርሶብኝ አንድ ባለሥዕል መጽሐፍ በትኛለሁ። በድኑ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው። ስትገልጡት ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከዙሪያው ነጣ ብሎ፣ ቢጫ የማጣበቂያ መስመር ብቻ ቀርቶበታል። ከዓመታት በኋላ አንዲት እናት ከዚያው መጽሐፍ የገዛችውን ሥዕል ይዛ መጣች። መስኮት ፊት ለፊት ሰቅላው ሰማያዊው ግራጫ ሆኗል። «ሌላ የለህም ወይ?» አለችኝ። ከየት ላምጣላት?

ይህ ግጥም ራሱ ዕድለ ቢስ ነው። ኤድዋርድ ፊትዝጄራልድ የፋርሱን ባለቅኔ የዑመር ኻያምን ባለ አራት ስንኝ ግጥሞች በእንግሊዝኛ በ1859 ሲያወጣ 250 ቅጂ ነበር የታተመው። ገዢ ጠፍቶ በአንድ ፔኒ የሚቸበቸቡ መጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ተጣለ። ኋላ ስሙ ሲገን፣ የለንደኑ ጠራዥ ፍራንሲስ ሳንጎርስኪ ከ1,000 በላይ ፈርጥ ያለበት የቆዳ ድጉስ ሽፋን ሠራለት። ያ መጽሐፍ በ1912 ከታይታኒክ መርከብ ጋር ሰጠመ። በዚያው ንድፍ እንደገና የተሠራው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የለንደን ድብደባ ጠፋ። የኔው ቅጂ ምንም ፈርጥ የለበትም። ቢሆንም እዚህ ድረስ ሙሉውን ደርሶ በኔ ቢላ ያልቃል?

«ለአንድ ሀብታም ሊሰጠው ነው» ላላችሁኝ ደግሞ፦ አዎ፣ ሙሉው መጽሐፍ የሚሄደው ወደ አንድ ሰው ነው። ግን ሃያ ሥዕል ተነጣጥሎ ሲሸጥ ከሙሉው መጽሐፍ በላይ ያወጣል። የከሰርኩት እኔ ነኝ። ለጥረዛ የምንገዛው ቆዳም፣ የወርቅ ቅጠልም፣ ማጓጓዣውም፣ ኢንሹራንሱም ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል። ብራናውን በእርጥበት አለስልሶ፣ ክብደት ጭኖ ማቃናት ሳምንታት ይፈጃል፤ የዚያን ሰዓት የሚከፍለኝ የለም። ሦስት ሰዎች ነን የምንሠራው። ባለቤቴ ሒሳቡን ስትሰማ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ቀብዳችሁ ሳይሸራረፍ ይመለሳል። የሒሳብ ቁጥራችሁን ላኩልን፣ በሳምንት ውስጥ እንልካለን። ለሌላ ሥራ ይያዝልኝ የምትሉ ካላችሁ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ሰሞን ትልቅ ውለታ ትውሉልናላችሁ። ፍሬም የተቆረጠላችሁ አምስት ሰዎች ፍሬሙን በነጻ ውሰዱት። ለሌላ ሥዕል ይሆናል።

መጽሐፉ እስኪሸጥ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀብድ የከፈላችሁም፣ የተቀየማችሁኝም መጥታችሁ ግለጡት። ጓንት አያስፈልግም፤ ጓንት ጣትን ያደነዝዝና ወረቀት ያስቀድዳል። እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። 

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት