ለደሴ ልጆች የንባብ ቤት፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የደሴና የአካባቢዋ ተወላጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ ወዳጆቻችን፣

ሰኞ ገበያ አካባቢ ለልጆች ብቻ የሚሆን የንባብ ቤት ልንከፍት ተነሥተናል፤ የእናንተን እጅ እንፈልጋለን። ቤቱ ተገኝቷል፤ አንዲት የሰፈራችን እናት ከግቢያቸው ሁለት ክፍል ያለ ኪራይ ሰጥተውናል፤ ዕድሜ ይስጥልን። የቀረው ጣሪያውን ማደስ፣ መደርደሪያና ምንጣፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጻሕፍት ነው።

ይህን ጥሪ እንድጽፍ ጎረቤቶቼ የመረጡኝ የልጆች ታሪክ ስለምጽፍ ነው። ፍቅሩ የጀመረኝ ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ባደግሁበት ቤት መጽሐፍ አልነበረም፤ ተረት ግን ሞልቶ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል፣ አያቴ ከከሰሉ ማንደጃ አጠገብ ተቀምጠው «ተረት ተረት» ይላሉ፤ እኛ «የላም በረት» እንላለን። አያ ጅቦ ይታለላል፣ እመት ጦጢት ታመልጣለች። እንቆቅልሽ ሲመጣ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል። ሐይቅን፣ ኩታበርን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን ያወቅናቸው እንደዚያ ስንሰጣጣ ነው፤ ካርታ ያየነው ኋላ ነው። ፊደል ቆጥሬ ያንኑ ዓለም ወረቀት ላይ ሳገኘው ከዚያ ወዲያ ማን ያስጥለኝ! ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም ነበር። ዛሬም የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ በአያቴ አፍ የማያምር ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል።

የዛሬ ልጆቻችንስ? ብዙዎቹ የሚያውቁት መጽሐፍ ፈተና የሚወጣበትን ብቻ ነው። ማንበብ ማለት ጥያቄ መመለስ የሚመስለው ልጅ ፈተናው ሲያልቅ መጽሐፉን ቢጥል አይፈረድበትም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ትምህርት ቤቶችም ተዘርፈዋል፤ የነበረችው ጥቂት መጽሐፍም ሳስታለች።

ይህ የሆነው በየትኛው አገር ላይ እንደሆነ ሳስበው ያንገበግበኛል። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተምረዋል፤ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። የወሎ ሼኾችም በጀማ ንጉሥና በዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደረሳዎቻቸውን (ተማሪዎቻቸውን) አስተምረዋል፤ አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማውን አቆይተውልናል። መጽሐፍ ለወሎ እንግዳ አይደለም። ለልጅ እጅ ግን ገና አልደረሰም።

ስለ አሠራሩ አቋማችንን በግልጽ እንናገራለን፦ መጽሐፍ በቁልፍ የሚቀመጥበት ቤት አንሠራም። መደርደሪያው የአምስት ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበት ይሆናል፤ ልጁ ራሱ መርጦ ያወጣል፣ ካልጣመው መልሶ ሌላ ያነሣል። መጽሐፉ ቢቀደድ እንለጥፈዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ተረት የሚያውቁ እናቶችና አባቶችም ተራ ይዘው ይተርካሉ። የሚተርኩትን ልጆቹ ራሳቸው እንዲጽፉትና ሥዕል እንዲሠሩለት እናደርጋለን፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሥራ በነፃ ለመምራት ቃል ገብቻለሁ። በአገራችን የሚቻል ነገር መሆኑን ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አሳይተውናል፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፣ በሐዋሳ ደግሞ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ልጆች ወዳሉበት አድርሰዋል።

ለመጀመር የምናስበው በ500 የልጆች መጻሕፍት ነው። የአማርኛ ተረትና የሥዕል መጻሕፍት ይቅደሙ፤ የድሮ የፈተና መለማመጃ ግን እባካችሁ አታምጡልን። አናጢዎች፣ የአንድ ቀን ጉልበታችሁ መደርደሪያ ይሆነናል። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ከመጋዘናችሁ የተረፈው ይበቃናል። ውጭ አገር ያላችሁ የደሴ ልጆች፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ገንዘቡን ብትልኩ ይሻላል፤ የማጓጓዣው ወጪ እዚህ ተጨማሪ መጻሕፍት ይገዛል።

ገንዘቡ የሚገባው ቅሬያችን (የሰፈራችን ዕድር) በመረጣቸው ሦስት ሰዎች የጋራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ነው። የሒሳብ ቁጥሩን ከእነርሱ ተቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ ለማንም ሰው በእጅ አትስጡ። ገቢና ወጪው በየወሩ በንባብ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። በየቅሬያችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ጉዳዩን አንሡልን። መጽሐፍና ዕቃ የምታመጡ ዘወትር እሑድ ጠዋት በግቢው ውስጥ ሰው ይጠብቃችኋል።