ጂፒኤስ ዳታ አይበላም፣ የሚበላው ካርታው ነው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው የጉዞ ገፃችሁ ላይ መናገሻ ሱባ ጫካ በእግር ለሚሄድ ሰው ውሃ ያዙ፣ ኮፍያ ያዙ፣ የዝናብ ጃኬት ያዙ ምናምን ካላችሁ በኋላ መንገድ እንዳይጠፋባችሁ በቂ የኢንተርኔት ፓኬጅ ግዙ የሚል ምክር ጨምራችኋል። ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ይቺን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እናንተ ብቻ አይደላችሁም፣ የእሁድ ሃይኪንግ ሚያዘጋጁት ግሩፖችም ቴሌግራም ላይ በሚለጥፉት ማስታወቂያ ይሄንኑ ነው ሚሉት፣ ሰዉም አምኖ ቅዳሜ ማታ ፓኬጁን ይገዛል፣ ከዛ ጫካው መሃል ሲገባ ኔትወርክ የለም፣ የገዛውም ዳታ ሳይነካ ይቃጠላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችሁ የት እንዳላችሁ ሚያውቀው በኢንተርኔት አይደለም፣ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው፣ ጂፒኤስ ሚባለው ይሄ ነው። እነሱ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያለማቋረጥ ይናገራሉ፣ ስልኩ ቢያንስ የ4ቱን ድምፅ ከያዘ ራሱ አስልቶ እዚህ ነህ ይላል። ሬዲዮ እንደመስማት በሉት፣ ሰሚው ጣቢያው ጋ ሚልከው ነገር የለም፣ ሚከፍለውም የለም። ሲም ካርድ የሌለው ስልክም ይሰራል፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያደረጋችሁትም ይሰራል (ካላመናችሁ አሁኑኑ በረንዳ ወጥታችሁ ሞክሩት)። ዳታውን ሚበላው ያላችሁበትን ከምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ስር ያለው ስዕል ነው፣ ማለትም ካርታው። በጣታችሁ በገፋችሁት፣ ባሳነሳችሁት፣ ባሳደጋችሁት ቁጥር አዲስ ቁራጭ ይወርዳል፣ የሳተላይት ፎቶው ላይ ካደረጋችሁት ደሞ ቁራጩ ሁሉ ፎቶ ስለሆነ መብላት ሳይሆን መዋጥ ነው።

እዛው መናገሻ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ ተተከለ ሚባልለት ጥድ ውስጥ ወደ ወጨጫ ስትወጡ መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ብዙ ነው፣ የከብት መንገዱም የእንጨት ለቃሚው መንገድም ከዋናው አይለይም። አንዷ ልጅ ከፊት ሆና ስልኳን ይዛ ትመራለች፣ ሁላችንም ከኋላዋ። ነጥቧ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ ልጅቷ ስትራመድ ትራመዳለች፣ ስትቆም ትቆማለች፣ ዙሪያዋን ግን ግራጫ ባዶ ነው፣ መንገድ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ስም የለ። ልጅቷ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ እያደረገች ኔትወርክ የለም ኔትወርክ የለም ትላለች፣ አንዱ ደሞ የኔ ሲም ይሻላል ብሎ የራሱን ያወጣል፣ እሱም ያው ግራጫ። ጂፒኤሱ እኮ ስራውን በትክክል እየሰራ ነበር! የጠፋው ቤት ዋይፋይ ላይ ሆኖ በነፃ ሊወርድ ይችል የነበረ ካርታ ነው።

ስለዚህ ምክሩ መሆን የነበረበት ካርታውን ሳትወጡ አውርዱት ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ፣ ማፕስ ሚ፣ ኦስም አንድ (OsmAnd) ሚባሉት አፖች አሉ፣ ሶስቱም ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው በጎ ፈቃደኞች ከሚሰሩት ካርታ ነው ሚቀዱት፣ የእግር መንገዱንም ያሳያሉ፣ ተራራው የት ጋ ቀጥ እንደሚል የከፍታ መስመር ሚያወጡም አሉ። እኔ ኦርጋኒክ ማፕስን ነው ምመርጠው፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የአነስተኛ ስልክ ሚሞሪ አያጨናንቅም። ጉግል ማፕስም ቦታውን መርጣችሁ ማውረድ ይቻላል፣ ግን ያለ ኢንተርኔት አቅጣጫ ሚሰጠው ለመኪና ነው፣ ለእግረኛ አይሰጥም፣ እና እስከ ጫካው በር ድረስ ለሹፌሩ ይጠቅማል፣ ከዛ በኋላ ሌላውን ክፈቱ። ደሞ አወረድኩ ብላችሁ እንዳትተኙ፣ ማታውኑ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ምትሄዱበትን ቦታ ጠጋ አድርጋችሁ እዩት፣ ቀጭኗ የእግር መንገድ ከታየቻችሁ አለቀ።

የአዘጋጆቹ ነገር ነው እኔን ሚያናድደኝ። መንገዱን ቀድመው ሄደው አይተውታል፣ ብዙዎቹ የሄዱበትን መንገድ በሚመዘግበው ስትራቫ ላይ ወይ ሌላ አፕ ላይ መዝግበውታል፣ ያንን መዝገብ ጂፒኤክስ ፋይል (ካርታ አፖች ሚከፍቱት የመንገድ መስመር) አድርጎ ግሩፑ ላይ መልቀቅ የአንድ ደቂቃ ስራ ነው፣ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፎቶ አይበልጥም። ተጓዡ ፋይሉን ነካ ያደርግና በካርታው አፕ ይከፍተዋል፣ መስመሩ ካርታው ላይ ይሰመራል፣ ከዛ በኋላ ነጥቧ መስመሩ ላይ መሆኗን ማየት ብቻ ነው። ግን አይለቁትም፣ የብር መላኪያውን ቁጥር ግን በቀን ሶስቴ ይለጥፋሉ። ሌላ ሰው ያለኛ ይሄዳል ብለው ፈርተው ከሆነ ሰው ሚመጣው ለመኪናውና ለጨዋታው ነው፣ መስመሩን አገኘሁ ብሎ ሚቀር የለም።

አንዳንድ ትንንሽ ነገሮች ደሞ አሉ። ዳታ ሲጠፋ ስልኩ ሳተላይቶቹን ለማግኘት መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፣ ምክንያቱም የሳተላይቶቹን አቀማመጥ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከራሳቸው ነው ሚቀበለው፣ እነሱ ደሞ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ፣ ማለትም በጣም በዝግታ ነው ሚልኩት፣ ስለዚህ ከመኪና እንደወረዳችሁ ጫካ ሳትገቡ ሰማዩ ክፍት የሆነበት ቦታ ትንሽ ቆም በሉ። ኮምፓስ የሌለው ርካሽ ስልክ ከሆነ ቀስቷ ወዴት እንደዞራችሁ አታሳይም፣ ትንሽ መራመድ ነው። ዳታ ክፍት ይሁን ካላችሁ ደሞ ቢያንስ ቴሌግራም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ሚያወርደውን አጥፉት፣ ሴቲንጉ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ሚለው ጋ ነው፣ አለበለዚያ ተራራ ላይ ሁለት መስመር ኔትወርክ በተገኘች ቁጥር የቤተሰብ ግሩፑ የማለዳ ሰላምታ ቪዲዮ ፓኬጁን ይጨርስላችኋል። ባትሪም አለ፣ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ሲፈልግ ሲፈልግ ነው ሚሞተው፣ ኤርፕሌን ሞድ ሁለቱንም ያድናል።

ስልኩ ከተዘጋ ሰው እንዴት ይጠራል ትሉ ይሆናል። ከግሩፑ አንድ ሁለት ሰው ዳታውን ብቻ አጥፍቶ ስልኩን ክፍት ያድርግ፣ ዳታ ማያልፍበት ደካማ ኔትወርክ ላይ ኤስኤምኤስ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ያላችሁበትን ቦታ አፑ ላይ ነጥቧን ስትነኩ ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ እሱን ፃፉና ላኩ። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፣ እኛ አገር መጀመሪያ ሚፃፈው ቁጥር ሁሌም ትንሹ ነው፣ ከ3 እስከ 15 ባለው ውስጥ፣ ሁለተኛው ከ33 እስከ 48። መናገሻን 8.97፣ 38.55 አካባቢ ብላችሁ መፃፍ ሲገባችሁ ብትገለብጡት ሚፈልጋችሁ ሰው ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባህር ውስጥ ነው ሚያገኛችሁ።

ይሄን ሁሉ ስል ካርታ መሪ ይተካል እያልኩ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ሚሄድ ሰው የአካባቢውን አስጎብኚና ጥበቃ ይዞ ይሂድ፣ ጉም ሲወርድ ገደሉን ሚያውቁት እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ዙሪያም ቢሆን እረኛ ልጅ ካገኛችሁ ጠይቁት፣ ካርታው ላይ ያለው መንገድ አምና በጎርፍ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ያውቃል።

ከናንተ ምፈልገው ቀላል ነው። በየሳምንቱ ስለ አንድ መዳረሻ ስትፅፉ ከፎቶው ስር የመነሻውን ቦታ ሁለት ቁጥር፣ የመንገዱን ርዝመትና ከፍተኛውን ከፍታ አትሙልን፣ አንድ መስመር ቦታ ነው ሚወስደው። ትራኩን፣ ማለትም የተመዘገበውን የመንገድ ፋይል ደሞ በራሳችሁ የቴሌግራም ቻናል ልቀቁት፣ ሰዉ አርብ ማታ ቢሮው ዋይፋይ ላይ ያወርደዋል። በሚቀጥለው እትም የፓኬጁን ምክር ብታርሙት ደሞ ደስ ይለኛል፣ ቀጥሎ እናወጣለን ያላችሁት ወንጪ ስለሆነ ከዛው መጀመር ይቻላል።

አክባሪያችሁ
የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ፣ ከሳሪስ