ስልክ ላይ ላነሳሽው ጥያቄ

የኔ ቆንጆ፣

ባለፈው እሁድ «እማዬ፣ ሰው ዕቃ አልገዛም ስላለ ቅኝ ገዢ ይሄዳል እንዴ?» አልሽኝ። ስልኩ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከሐሳቤ አልወጣም።

ሃይስኩል ሒሳብ ያስተማሩን ከኬረላ የመጡ ህንዳዊ መምህር ነበሩ። ከክፍለ ጊዜው አምስት ደቂቃ ከተረፈቻቸው ስለ አገራቸው ያወሩናል። ህንዶች የቅኝ ገዢያቸውን የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም ያሉበትን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የቀረውን አንብቤ ሞላሁት።

እ.ኤ.አ. በ1919 የእንግሊዝ ጦር አምሪትሳር በምትባል የህንድ ከተማ ባዶ እጁን በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ የነፃነት ትግሉ መሪ ጋንዲ «ከእንግዲህ አንተባበራቸውም» ብሎ ተነሳ። ጥቂት እንግሊዞች ከ300 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚገዙት ሕዝቡ ራሱ ጸሐፊ፣ ፖሊስና ደንበኛ ሆኖላቸው ነው ብሎ ያምን ነበር። ተማሪዎች የመንግሥት ትምህርት ቤት ትተው ወጡ። ታዋቂው ጠበቃ ሞቲላል ኔህሩ እንጀራው የነበረውን የጥብቅና ሥራ ተወ። የውጭ ጨርቅ አደባባይ ላይ ተከምሮ ተቃጠለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ ከ1 ቢሊዮን 20 ሚሊዮን ሩፒ ወደ 570 ሚሊዮን ገደማ ወረደ።

ታዲያ ሰው ምን ይልበስ? ጋንዲ «ፈትላችሁ ልበሱ» አለ።

እዚህ ላይ አያትሽ ትዝ ትለኛለች። ጥጡን ዳምጣ፣ ባዝታ፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ እያሾረች ስትፈትል አጠገቧ ነው ያደግሁት። የአንድ ጋቢ ፈትል ሳይጠናቀቅ ክረምቱ ይወጣ ነበር። የአውራ ጣቷ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሮ ነበር። ስለዚህ «ፈትላችሁ ልበሱ» ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ ይገባኛል። ካዲ የሚሉት በእጅ ተፈትሎ የተሸመነ ጨርቅ ከፋብሪካው ጨርቅ ይወደድ ነበር። ድሃው ከየት ያምጣ? አድማው በየቦታው የላላው አንድም በዚህ ነው። ድሃውን ግን ልወቅሰው አልችልም።

በፌብሩዋሪ 1922 ደግሞ ቻውሪ ቻውራ በምትባል ቦታ ፖሊስ ሰልፈኛው ላይ ተኮሰ። የተቆጣው ሕዝብ ጣቢያውን አቃጠለው። 22 ፖሊሶች አለቁ። ጋንዲ ያን ሁሉ ንቅናቄ ወዲያው አስቆመ። እስር ቤት የነበሩ የትግል ጓዶቹ በጣም ተናደዱ። እሱም በማርች ተይዞ 6 ዓመት ተፈረደበት። ነፃነት የመጣው በ1947 ነው፤ ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ቆይቶ።

ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ በጋንዲ ተናድጄ ነበር። ደርሰው ደርሰው እንዴት ይቆማል? አንቺን ከወለድኩ በኋላ ግን እነዚያ 22 ሰዎች ይታዩኛል። እነሱም እኮ ህንዶች ነበሩ፤ ደሞዝ ብለው የገቡ የሰው ልጆች። ማስቆሙ ልክ ነበር እላለሁ፣ ምንም እንኳ ሩብ ምዕተ ዓመት ቢያስጠብቅም።

አንቺ እንደማትስማሚ አውቃለሁ። እሁድ ደውዪና እንከራከር።

እናትሽ